ከሴቻው ቤት የተረፈ ድምፅ

«ቤት ውስጥ ስንት ኮምፒውተር አለ?» አለኝ ባለፈው ቅዳሜ የሱቁ ልጅ። «አንድ» አልኩት። የጠየቅኩት ከራውተር ጋር ተገናኝቶ የቤቱን ኮምፒውተሮች ፋይል በአንድ ላይ የሚይዝ ማስቀመጫ ነበር። ለአንድ ሰው ይበዛል ሊለኝ አስቦ ተወው መሰለኝ። እኔ ግን ልቤ አርባ ምንጭ ሄዶ ነበር።

ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠርኩ ጊዜ ነው። አገሬ ደብረ ማርቆስ፤ ሴቻ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም። ከሥራ ስወጣ ሙቀቱ አይበርድም፤ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ የሚወጡት ሚኒባሶች አቧራውን አንሥተውብኝ ያልፋሉ። ማንጎ ገዝቼ ወደ ተከራየኋት የጓሮ ክፍል እገባለሁ። በቃ፣ እስከ ጠዋት የማናግረው የለም።

አከራዬ ጋሼ ሻንቆ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የጨንቻ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ካረፉ ዓመት አልሞላም። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው የላከላቸው እንዲህ ያለ የፋይል ማስቀመጫ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ሳየው ተከልኩላቸው፤ የሳቸውንም የኔንም ኮምፒውተር አገናኘሁበት። እሳቸው የዶርዜን ቤቶች ፎቶ በጋራ ፎልደራችን ያስቀምጡልኛል፣ እኔ የእናቴን ደጅ አስቀምጥላቸዋለሁ። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ግን ከሰላምታ አናልፍም። እሳቸውም ዝምተኛ፣ እኔም ዓይን አፋር።

ሚያዝያ ላይ ከሥራ እንደገባሁ ከባድ ዝናብ ጣለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የጋሼ ሻንቆ ኮምፒውተር ተቃጠለ። ዝናቡ እየወረደባቸው መጥተው በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ የባለቤቴ የዘነቡ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ ቦታ የለኝም።»

ላፕቶፔን ይዤ ትልቁ ቤት ገባሁ። የኮምፒውተራቸው ፋይል ቅጂ ያለበት ማስቀመጫም ከዚያው ሶኬት ስለነበር ፈራሁ። ነቅዬ ሌላ ቦታ ሰካሁት። ቆየና በራ። ጋሼ ሻንቆ «ይቀመጡ» ብላቸው እንኳ አልተቀመጡም። ፎልደሩን ከፍቼ ድምፁን ስጫነው አንዲት ሴት በጋሞኛ ተቆጣች፤ ከጀርባዋ ነፋስ ያፏጫል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ወይዘሮ ዘነበች ምን እያሉ ነው?» አልኳቸው።

«ምንም። ‹በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባ› ነው የምትለኝ። አዲስ ስልክ ስሞክር የቀዳሁት ነው።» ሊስቁ ጀምረው አልሆነላቸውም። «እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

ደገምኩላቸው። በቆሎና ሀለኮ የሚሉትን የሽፈራው ቅጠል አንድ ላይ የቀቀሉትን አቅርበውልኝ ራት በላን፤ ስለ ባለቤታቸው ሲያወሩልኝ አመሹ። ክፍሌ ስመለስ ዝናቡ አባርቶ እርጥብ አፈር ይሸታል። በሬን ሆን ብዬ ክፍት ተውኩትና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዝጊው የሚለኝ አልነበረም።

በዓመቱ ተዛውሬ ሄድኩ። ጋሼ ሻንቆም ማረፋቸውን በኋላ ሰማሁ።

ቅዳሜ ማታ አዲሱን ማስቀመጫ አገናኝቼ ያለኝን ሁሉ ገለበጥኩበት። እናቴም ካረፈች ቆይታለች። ፎቶዋ ሞልቷል፦ በሠርግ፣ በጥምቀት፣ በደጇ። ድምፅዋን ፈለግኩ፤ አንድም የለም። ያን ጊዜ ለጋሼ ሻንቆ አዝንላቸው ነበር። አሁን ግን ቀናሁባቸው።