የቁጭ ባዩ ኢልያስ ደም

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ቁጭ በማለት ኢልያስን የሚስተካከል ወጣት ካለ እስቲ ይምጣ! ጠዋት የሞባይል ጥገና ሱቁ ወንበር ላይ ይሰፍራል፣ ሲመሽ ይነሳል። ማዶ ላለው ሻይ ቤት እንኳ ባጃጅ ይጠራል። እንግዲህ አጥኚዋ ትርሲት ቁጭ ብለው የሚውሉ ወጣቶችን ስትፈልግ ጣት ሁሉ ወደ እሱ ቢቀሰር ምን ይገርማል?

"ሳይንቀሳቀስ የሚውል ሰው ሰውነቱ ውስጥ እንደ ዝገት ያለ ነገር ይበዛል" አለቻቸው። "ብረት ማንሳት ይቀንሰው እንደሆነ ደማችሁን እናያለን።" ግማሾቹ ጂም ገብተው ብረት እንዲያነሱ፣ ግማሾቹ ለማነጻጸሪያ እንደ ወትሯቸው እንዲቀመጡ ዕጣ ወጣ። ለኢልያስ መቀመጥ ደረሰው። ወይ ሹመት! "ተመራምረው ቁጭ በል አሉኝ" እያለ ደረቱን ነፋ።

ብረት ከደረሳቸው አንዱ ጎረቤቱ ሊሻን ነበር። ሊሻን ሚስቱ የወለደች ጊዜ እንሰት ሲፍቅ በአጥር ታይቷል። መቼም በእኛ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነውና፣ ኢልያስ "እሜቴ ሊሻን" ብሎ ስም አውጥቶለት ሰፈሩን ሲያስቅበት ከርሟል።

የሰው ነገር! ጥናቱ በተጀመረ ሰሞን ቆጮ እየሸጠች ያሳደገችው እናቱ ሙኒራ ትከሻዋን ታመመች። እንሰቱ ተቆርጦ ተጋድሟል፣ ካልተፋቀ ይበላሻል፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። ኢልያስ የጓሮውን በር ቀርቅሮ፣ አጥሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ በየማለዳው ፋቀ፣ ጨመቀ፣ ተሸከመ። ሰው ካየው አለቀለት!

ጥናቱ ሲያልቅ ትርሲት ሁሉንም ጂሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የብረት አንሺዎቹ ደም ተሻሽሏል፣ የቁጭ ባዮቹ ባለበት ነው።

"አንተ ግን ከብረት አንሺዎቹም በልጠሃል" አለችው ኢልያስን። "ምን ስትሠራ ነበር?"

የሊሻን ዓይን ተተከለበት።

"ብረት" አለ ኢልያስ። "እቤት ተደብቄ ብረት ሳነሳ ነበር።"

"በል አሳየና!" ብለው ወጣቶቹ እያጨበጨቡ ተከተሉት። በየት በኩል ያምልጥ?

ሲደርሱ የጓሮው በር ወለል ብሏል። ሙኒራ ልጇ ቢዘገይባት ትከሻዋን በሻሽ አስራ፣ በአንድ እጇ እየፋቀች ታቃስታለች።

"መጣህልኝ ልጄ?" ብላ መፋቂያውን ዘረጋችለት። ወዲያው ከኋላው ያሉትን አየችና እጇን ሰበሰበች። "እኔው ነኝ የምፍቀው! እሱ ምን ሲደረግ ይነካዋል? ነክቶትም አያውቅ።"

ማንም አልሳቀም። ኢልያስ መሬት መሬት አየ።

ሊሻን ጃኬቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበና ጎንበስ አለ።

"እትዬ ሙኒራ፣ እኔ ልፋቅልዎ፣ ይስጡኝ" አለ። "ኢልያስ ብረቱን ያሳያቸው።"