የአሳዎቹ ተራ

አብረን ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ የቦዩን አፍ በሣርና በጭቃ መድፈን ነበር። ባለቤቴ ጭቃውን ይረግጣል፤ እኔ ሣሩን አቀብለዋለሁ። ሲጨርስ ወንዙ ላይ ታጠበና እጁን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገ። ነጠላዬ ፎጣ እንዳልሆነ ነገርኩት። «ታዲያ ለምን ይዘሽው መጣሽ?» አለኝ። በሳምንቱ ሞተ።

ባለቤቴ የውሃ አባት ነበር። ከደባርቅ በታች ወደ ዛሪማ ከሚወርደው ወንዝ ውሃ ጠልፈን ሽንኩርትና ድንች ለምናለማው ሰዎች ተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሕጋችን አጭር ነው፤ ተራው የደረሰ ሰው ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ይረከባል። ካልቆመ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል። ታምሜ ነው፣ ሠርግ ነበረብኝ ማለት አይሠራም።

ከእኛ በታች፣ ከገደሉ ሥር ባለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ፣ ጢም ያለው የወንዛችን አሳ ይኖራል። ድሮ ወንዙ ሙሉ አሳ ነበረበት። በጋ በጋ እኛ ውሃውን ከላይ እየጠለፍን ስንጨርሰው፣ አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ እየበተነ አሳውን ሲያሰክረው፣ የቀረው እዚያ ብቻ ሆነ። በኋላ የላይኛውና የታችኛው ወረዳ የውሃ ባለሙያዎች ተነጋግረው፣ ሐሙስ ሐሙስ ቦዮች ሁሉ ተዘግተው ወንዙ እንዲለቀቅ ወሰኑ። ከላያችን በዳባት በኩል ያሉት ዘግተው እኛ ካልዘጋን፣ እነሱ የለቀቁት ውሃ የእኛን ሽንኩርት አጠጥቶ ይቀራል። አሳውም ክረምቱን አያይም።

በስብሰባው ላይ ጎረቤታችን ተነሣ። ከሐሙስ ቀጥሎ ተረኛው እሱ ነው። ሕግ ሕግ ነው፣ አሳ ቆሞ ይረከብ እንደሆነ ይነገረን አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ባለሙያዎቹም ወረቀታቸውን ያገላብጡ ጀመር። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀም።

«ጢም ያለው ሽማግሌ ወኪል ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም» አለ። «ሚስቴ ትቆምላቸዋለች።»

እኔን አልጠየቀኝም። ቤት ስንገባ ብቆጣው፣ በመንደሩ ውስጥ ክርክር የማይሰለቸው ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው አለኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ሴቶቹ ከዚያ ወዲህ የአሳ ነገረ ፈጅ ይሉኛል።

ባለቤቴ በተቀበረ ሰሞን፣ ሐሙስ ማለዳ፣ ጎረቤታችን ሊያጽናናኝ መጣ። ስለ ሟቹ ደግነት ብዙ ተናገረ። ቀጥሎም ኀዘንተኛ ከቤት እንደማይወጣ፣ የወንዙ ዳር ብርድም ክፉ እንደሆነ አስታወሰኝ። ሲወጣ በዓይኔ ብከተለው ዶማው አጥሩን ተደግፎ ይጠብቀዋል። ዶማ ይዞ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ያን ቀን አየሁ።

ጥቁር ነጠላዬን ደርቤ በአቋራጩ ወረድኩ። እሱ በዋናው መንገድ ዞሮ ሲደርስ እኔ ቦዩ አፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዶማውን ከትከሻው አውርዶ ከኋላው ያዘው። የዶማ እጀታ ግን ከሰው ጀርባ አይደበቅም።

«እትዬ፣ ኀዘን ላይ አይደሉም እንዴ?»

«አሳዎቹም የውሃ አባታቸው ሞቶባቸዋል። አብረን እናልቅስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

አፉን በጋቢው ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ያ ጎረቤቴ የሚያደርገው ቢጠፋው፣ ባለቤቴ ሲደፍነው በኖረው አፍ ላይ ጭቃው የተሰነጠቀበትን ቦታ አይቶ በዶማው ጀርባ ጠቀጠቀልኝ። ልቡን ግን ዛሬም አላምነውም፤ የሽንኩርት ማሳው ሰፊ ነው።

አዲስ የውሃ አባት ተመርጧል። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ቦዩ አፍ ላይ እቆማለሁ።