ሦስት ሰው የቀረው

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እግሯ ላይ ነው። የምክር ቤቱ አባላት ጫማ እንደ መስተዋት ሲያበራ፣ አክስቴ የራሷን ጫማ ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ በካልሲ ተቀምጣለች። ከላይ ከታዛቢዎች ወንበር ቁልቁል እያየሁ ተገረምኩ፤ ሕግ የሚወጣው እንዲህ ነው?

አክስቴ ለምክር ቤት ከመመረጧ በፊት ለብዙ ዓመታት የአውቶቡስ ረዳት ነበረች። አንድ ምሽት ታናሽ እህቷ፣ እናቴ፣ ምጥ ይዟት በዚያው አውቶቡስ ተሳፈረች። ሲደርሱ ጤና ጣቢያው ተቆልፏል። እናቴ የበኩር ልጇን ያጣችው እዚያ በር ላይ ነው። አክስቴ ለምርጫ የቀረበችው፣ ካሸነፈችም በኋላ የየኮሚቴውን በር ስታንኳኳ የከረመችው ለአንድ ረቂቅ አዋጅ ነው፤ ጤና ጣቢያዎች ሌሊትም አዋላጅ ይኑራቸው የሚል።

ቀኑ የጉባኤው መዝጊያ ነበር። ረቂቁ ዛሬ ካልጸደቀ ወድቆ ይቀራል። ደጋፊ አላጣም፤ ጠላቱ ምሳ ሆነ እንጂ። ከምሳ በኋላ አዳራሹ እንደ ወላቃ ጥርስ ክፍት ክፍት ሆነ። አፈ ጉባኤው ቆጥረው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምልአተ ጉባኤ አልሞላም፤ ሦስት ሰው ይጎድላል። ትንሽ እንጠብቅና ካልመጡ እዘጋለሁ።»

ከአክስቴ ጎን የተቀመጡት አዛውንት ጠበቃ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲህ ለከርሞ ነው፣ ልጄ።»

«ምጥ የያዛትን ሴት ለከርሞ ቆዪ ይሏታል፣ አባባ?»

ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ወጣች። ተከትዬ ወረድኩ። ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ሻይ ቤት ስትደርስ በአንድ እጇ የበሩን መቃን ይዛ ግማሽ አካሏን ወደ ውስጥ አንጠለጠለች። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ በሰው ደረት ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ሦስት ሰው የቀረው! ሦስት ሰው! ሊሄድ ነው፣ ግቡ ግቡ!»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ አንድ ቀልደኛ አባል ብርጭቆውን እንደያዘ።

«አንተን ወደ መረጠህ ሰው! ተነሣ!»

«መስኮት አጠገብ ቦታ አለ?»

«ከገባህ ጣሪያውም ያንተ ነው፣ ወንድሜ!»

ሦስት ተነሡ፤ ከዚያ አምስት፤ ከዚያ ሁሉም። የሚቃወሟት ሳይቀሩ እየሳቁ ገቡ፤ እሷም የእያንዳንዱን ትከሻ መታ መታ እያደረገች አሳለፈች።

«የሚደግፉ?» ሲሉ አፈ ጉባኤው፣ አዳራሹ የእጅ ጫካ ሆነ። ጸሐፊ ሆኜ ሕይወቴን ሙሉ በቃላት ስጫወት ኖሬ፣ «ጸድቋል» የሚለው ቃል ይህን ያህል እንደሚያምር ገና ያኔ አወቅሁ። አዛውንቱ ቆመው አጨበጨቡ። አክስቴ ግን ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ታለቅስ ነበር።

ከሕንፃው ስንወጣ ስልኬን ዘረጋሁላት። «በይ፣ ለእናቴ ንገሪያት።»

«በስልክ? ሞቼ ነው! ፊቷን እያየሁ ነው የምነግራት።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። «ጫማሽን ረሳሽ!» ብዬ ጠራኋት፤ ዞራም አላየችኝ።