ድንክዬዋ ሙዝ

ልጆቼ በየአቅጣጫው ስለተበተኑ ኑሮዬ መንገድ ላይ ነው። ከጋዝጊብላ እነሳና አንዷ ዘንድ ሰንብቼ ወደ ሌላዋ እወርዳለሁ። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ከሰቆጣ በታች፣ ወንዝ ዳር ያለው የታናሿ ልጄ ቤት ነበር። ሙዝ ነበራታ! ማሽላው ቢከዳት እንኳ ሙዟን ገበያ አውጥታ ልጆቿን ታሳድራለች።

አንድ ጊዜ ስደርስ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ግንዱ ሲቆረጥ እንደ መግል ያለ ያወጣል። ሙዙ ካለቀ እሷና ባሏ ለቀን ሥራ ሁመራ መውረዳቸው ነው፤ እዚያ ወርደው ያልተመለሱትን ደግሞ እናውቃቸዋለን።

የምርምር ሰው መጣ፣ ትሁት ልጅ። በጨረር የተመቱ ችግኞች አምጥቶ ከታመመው መሀል ተከለ።

«ጨረሩ ዘራቸውን ይለውጠዋል፣ እማማ። እያንዳንዷ የየራሷን ጠባይ ይዛ ትወጣለች። አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ እኛ የምንፈልገው በሽታው የማይደፍራትን ነው። ብትከፋም ብታምርም እንዳትነቅሉ።»

«ልንቀብራቸው ነዋ የምንተክላቸው!» አለ አማቼ። ሳቅን።

በዓመቱ ሌሎቹ ቁመት ሲያወጡ አንዷ ድንክ ሆና ቀረች። ቅጠሏ የተጨማደደ፣ ነጭ ሰንበር ያለበት። የምርምሩ ልጅ ተመልሶ ከየችግኙ ቅጠል ቆነጠረና «ውስጣቸው ያለውን ዘር በመሣሪያ እናነበዋለን» ብሎ ሄደ።

እኛ አገር አረማሞ የሚባለው በሽታ የያዘው ማሽላ ከታየ፣ ጥቁር ዱቄቱ ጤነኛው ላይ ሳይበተን ተነቅሎ ይቃጠላል። አባት ለልጁ የሚያሳየው ሥራ ነው። አማቼም ድንክዬዋን አየና አየና፣

«ይቺ ናት የምታስጨርሰን» አለ።

«አትንቀሉ ተብለን የለ?» አለች ልጄ።

«እሱማ ደመወዝ አለው! ይቺን ጎባጣ ለዘር አስቀምጬ አገር ይሳቅብኝ?»

ነቀላት። ሥሯን ሳይቀር አቃጠላት። ከዚያ ያማሩትን ኮተኮተ።

ክረምቱ ሳይወጣ ያማሩት ሁሉ ጠወለጉ። የምርምሩ ልጅ ግን ፊቱ በርቶ መጣ።

«ድንክዬዋ የታለች? ውስጧ ከሁሉም ተለይቶ ተገኘ! በሽታውን የምትችል እሷ ሳትሆን አትቀርም!»

አማቼ አመዱን በእግሩ ነካ አደረገው።

«እንደሷ ያለች ሌላ አምጣልና» አለች ልጄ።

«ከየት፣ እኅቴ? እንደገና ጨረር ብናስመታ ሌላ ትወጣለች እንጂ እሷ አትወጣም። እኔ ዘንድ ያለው የደረቀ ቅጠሏ ነው።»

ልጄ ባሏን አልተቆጣችውም፤ እሱ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ጥምቀት ሳይደርስ ቤቱን ዘግተው፣ ሕፃናቱን ይዘው ሁመራ ወረዱ።

ዛሬም ከጋዝጊብላ ስወርድ እግሬ በልማድ ወደ ወንዙ ይዞራል። መታጠፊያው ላይ እቆምና ከቤታቸው ጣራ ጭስ ይወጣ እንደሆን አያለሁ። ከዚያ ወደ ሌላዋ ልጄ መንገዴን እቀጥላለሁ።