ዶክቶራ ያላዩት ቀለበት

ከጎንደር የወጣሁት እሁድ ማምሻውን ነው። እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ በሶና በርበሬ ስትጠቀጥቅ፣ እኔ የባዮሎጂ ዲግሪዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ከልብሶቼ ሥር እከት ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ከረምኩ እንጂ የጠራኝ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብራኝ ታድር የነበረችው፣ ትምህርቷን አቋርጣ የሄደችው ወሎዬዋ ዘይነባ ደግሞ ካርቱም ሆና ትደውላለች። «ነይ፣ ሹግል፣ ሥራ ማለቴ ነው፣ አለ፣ አንቺ ብቻ የሰው ቤት ሥራ አልንቅም በይ» አለችኝ። አይሱዙው ሲነሳ እናቴ በመስኮቱ እጄን ይዛ ትንሽ ተራመደች።

መተማን አልፈን ገላባት ስንገባ አየሩ ራሱ ተቀየረ። እኛ አገር ፀሐይ ታሞቃለች፤ እዚያ ግን ትከሻ ላይ ትቀመጣለች። ገዳሪፍ ላይ ኪስራ ሲያቀርቡልኝ እንጀራ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ አፌ ውስጥ ገብቶ እንደ ስስ ወረቀት ጠፋብኝ። ኮምጣጣነቱ ግን የአገር ነውና ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩ።

ካርቱም ስደርስ ከዘይነባ ጋር ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር አንዲት የጭቃ ክፍል ተካፈልን። አከራያችን ሽማግሌ ነጭ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ግቢውን ሲያሳዩኝ ውሃ ማፊ፣ የለም፣ ከህረባ፣ መብራቱ፣ አንዳንዴ ማፊ፣ ጣሪያው የአቧራ ማዕበሉ ሐቡብ ሲነሳ ትንሽ ይንቀጠቀጣል አሉኝ። ታዲያ ምን አለ ብላቸው ቅር ሳይላቸው «ጎረቤት አለ» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ዘይነባ ሥራ ያገኘችልኝ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ አንዲት ሱዳናዊት ፕሮፌሰር ቤት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዶክቶራ ይላቸዋል። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው። ስኳር ዓይናቸውን እየበላው ስለነበር ከፊታቸው የቆመ ሰው እንደ ጥላ እንጂ አይታያቸውም። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሳቸው አፍንጫቸው የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪነካ ተጠግተው ያጉረመርማሉ። አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ እዚህ ጋ ያለው ምን ዓይነት ቀለም ነው አሉኝ። የፕሮቲን ሥዕል ነበር፤ ጥምዝምዙ ቀይ ነው አልኩና ሳላስበው አልፋ ሂሊክስ ብዬ ስሙን ጨመርኩ። ዞር ብለው ወደ ድምፄ አዩ። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝና ስለ ዲግሪዬ ነገርኳቸው። ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ አረረ፤ ሁለታችንም አልተነሳንም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት አበስላለሁ፣ ከሰዓት ዓይን እሆናቸዋለሁ። ፕሮቲንን ዩኒቨርሲቲ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ እንጂ እሳቸው እንዳስረዱኝ ገብቶኝ አያውቅም። አሚኖ አሲድ የሚባል ሃያ ዓይነት ዶቃ አለ፤ ዶቃው በክር ተሰክቶ ሲያልቅ ክሩ ራሱን ያጣጥፋል፤ የዶቃው ቅደም ተከተል ቅርጹን ይወስናል፤ ቅርጹ ደግሞ ሥራውን። በሰውነታችን ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚሽከረከሩ፣ ዕቃ ተሸክመው በገመድ ላይ የሚራመዱ ማሽኖች ሁሉ የተሠሩት ከዚሁ ነው። ዶክቶራ የሚፈልጉት ነገሩን ከኋላ መጀመር ነበር፦ ተፈጥሮ ያልሠራችውን ቅርጽ አስቀድሞ ማሰብ፣ ከዚያ ወደዚያ የሚታጠፈውን የዶቃ ቅደም ተከተል መፈለግ። ሕልማቸው አንድ ቀን ሰው በራሱ እቅድ የሞለኪውል ማሽን እንዲሠራ ነው። ለጊዜው ግን የማሽኑ አንድ ክፍል ይበቃቸው ነበር፦ ተመሳሳይ ቁራጮች ማንም ሳይገጣጥማቸው እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሩት፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ቀለበት።

ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማውጣት ስሄድ ዶክቶራ ክንዴን ይዘው አብረውኝ ገቡ። መኮንኑ ሥራዬን ሲጠይቅ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ፕሮቲን እንሠራለን።»

«ሥጋ ሻጭ ናት ማለት ነው?»

«አይደለም። ዓይኔ ናት።»

መኮንኑ ሻዩን ፉት አለ። «ዶክቶራ፣ እኔ ዘንድ ዓይን የሚባል ሥራ የለም» አለና ሸጋላ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ብሎ ጻፈኝ። በሐፍላው፣ በአውቶብሱ፣ ስንመለስ ዶክቶራ ሰው እስኪያየን ሳቁ። እጄንም እስክንወርድ አልለቀቁም።

የመጀመሪያውን ንድፍ ለቀድሞ ተማሪያቸው ለሙዕተዝ ላክንለት። ሙዕተዝ ጀርመን አገር ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ንድፋችንን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ ፕሮቲኑን እንድታመርትለት ያደርጋል። ወራት ጠበቅን። መልሱ ሲመጣ ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ከብዶኝ ያነበብኩት ነገር የለም። ቀለበት የለም። ፕሮቲኑ እንደተቀቀለ እንቁላል ረግቶ ቱቦው ሥር ተዘፍዝፏል።

ዶክቶራ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ያኔ ፈራሁ። የቀረችው ብርሃን ከመጥፋቷ በፊት አንድ ነገር ማየት እንደሚሹ አውቃለሁ፤ ለራሴም ፈራሁ፤ ወደ ድስቱ ብቻ ልመለስ ነው ብዬ። ለዘይነባ ስነግራት «ያላ፣ አንቺ አንኳኪ፤ የከፋው ሰው በር በራሱ አይከፈትም» አለችኝ።

በማግስቱ ሻይ ይዤ አንኳኳሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ቁራጯን ቀስ ብዬ እያዞርኩ ከላይ እስከ ታች እነግራቸው ጀመር። ውሃ የሚሸሹት፣ እንደ ዘይት ያሉት ዶቃዎች ቢጫ ናቸው። በመጋጠሚያው በኩል ቢጫ አለ፤ በጀርባውም አለ፤ ከታችም ዳር ዳሩን አለ። እዚህ ላይ አስቆሙኝ።

«እንግዲያው በሁሉም በኩል ይጣበቃል» አሉ። «የሚያያዝበትን ሰጠነው እንጂ የማይያያዝበትን አልነገርነውም።»

ሳምንታት ፈጀብን። መጋጠሚያውን ትተን ሌላውን ቢጫ ውሃ በሚወዱ ዶቃዎች ለወጥን። መብራት ሲጠፋ ስሌቱ ይቋረጥብናል፤ እንደገና እንጀምራለን። በዚህ መሃል የዶክቶራ ዓይን ጥላውንም መለየት ተወ፤ ጣታቸውን በጣቴ ላይ ጠምዝዘው ጥምዝምዙ ወዴት እንደሚዞር ይጠይቁኝ ጀመር። በጣቴ አሳያቸዋለሁ።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ቀትር ላይ፣ ፉል እየበላን ሳለን ነው። ሙዕተዝ ምንም ሐተታ አልጻፈም፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ላከ። ግራጫ ሜዳ ላይ የብሎን ሮንደላ የተበተነ ይመስላል፤ ትንንሽ፣ ክብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ቀለበት ነው፣ ዶክቶራ። በያለበት ቀለበት ነው።»

«መሃሉ?»

«ክፍት ነው።»

እጃቸውን መስታወቱ ላይ ጫኑ፤ ይዳሰስ ይመስል። ከዚያ እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እንደገና ጠየቁኝ። ስለ ቀጣዩ ያነሱት ፉሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፦ በዚያ ክፍት ውስጥ የሚገባ ዘንግ፣ ከዚያም የሚያዞረው ነገር። ምናልባት በእኛ ዕድሜ አይደርስም አሉ፤ ግን እያሉ ፈገግታቸው አልጠፋም። ለሙዕተዝ ሲያስጽፉኝም ከስማቸው ቀጥሎ የእኔን ስም አስገቡት፤ ሸጋላ የሚል አልነበረበትም።

በዚያው ማምሻ ለእናቴ ደወልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ተባብለን፣ በልተሻል ወይ አልበላሽም ወይ ብላ ከጨረሰች በኋላ፣ በዓይን የማይታይ ማሽን ክፍል እንደሠራን ነገርኳት። ያልገባትን እየጠየቀች፣ የገባትን እየደገመች ሰማችኝ። ስጨርስ እልል አለች፤ ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ ምን ተገኘ ሲል በስልኩ ሰማሁት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ይሄንን ሥራ እዚህ መሥራት አይቻልም ወይ?»

  «አንድ ቀን፣ እማዬ» አልኳት። እሷም፣ እሺ፣ ቤቱ እንዳለ ነው አለችኝ።