ክላክሱ የመጣበት ጎን

የኮምባይነር ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ቀኝ እጄ ሳላዘው ይዘረጋል፤ ልጅ የሚይዝ ይመስል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ያለችኝም አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ኢተያ አጠገብ ስንዴያችን ይታጨዳል፤ አየሩ ገለባና ናፍጣ ይሸታል። ልጄ ጎንበስ ብላ ቃርሚያ ትለቅማለች። ኮምባይነሩ በአቧራው መሃል በስተቀኟ ዞሮ መጣና ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ደንግጣ ሮጠች። የሮጠችው ግን ወደ ማሽኑ ነበር። «ኮቱ! ወዲህ ነይ» ብዬ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅዬ ጮህኩ። ሾፌሩ ለጥቂት አቆመው። ከላይ ሆኖ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ፈረስ መሰልኳት እንዴ? ልትጋልበኝ ነው?» አለ።

ልጄ እያለቀሰች «በግራ ነው የጮኸው፤ ከሱ እኮ ነው የሸሸሁት» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ከሳምንታት በፊት ቀኝ ጆሮዋን ሲያማት፣ እንደ ሰፈሩ ሴት ሁሉ ቅቤ ለብ እያደረግኩ ሳንጠባጥብላት ነበር። ሕመሙ ሲተዋት ዳነች ብዬ ነበር። አሁን ግራውን በመዳፌ ደፍኜ ቀስ ብዬ ብጠራት፣ ዝም።

በነጋታው አሰላ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሲስተሯ በመብራት አይታ «እናት፣ ይሄ ጆሮ ነው ወይስ የቅቤ ቅል?» አለች። መሳቅ አቃተኝ። «በዚህኛው ትሰማለች?» አልኳት።

«ሳይወጣ አላውቅም።»

ለብ ያለ ውሃ በስሪንጅ ቀስ እያለች እየገፋች አስረዳችኝ። ድምፅ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል፤ ታምቡሩ ሦስት ትንንሽ አጥንቶችን ያነቃንቃል፤ የመጨረሻዋ እርካብ ትባላለች። እሷ ደግሞ ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ፈሳሽ የሞላው ነገር ትገፋለች፤ ከዚያ ወሬው አንጎል ይደርሳል። «አንጎል የሁለቱን ጆሮ ወሬ አመዛዝኖ ነው ድምፁ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው። አንዱ ሲደፈን ሁሉም በደህናው በኩል የመጣ ይመስላል» አለችኝ። ከአራተኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለእኔ እንኳ ገባኝ።

ልጄ «እርካብ ካለ ፈረሱስ የታል?» ስትል ሲስተሯ ሳቀችና ውሃው እኔን ረጨኝ።

ቅቤ፣ ኩክና የገለባ ብናኝ አንድ ላይ ተጋግሮ ሳህኑ ላይ ጠብ አለ። ልጄ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «እማ፣ ውሃው ይጮሃል» አለች።

እኔ ግን አላመንኩም። ወጥተን አስፋልቱን ይዘን ስንሄድ፣ ከኋላችን በቀኝ በኩል ባጃጅ ክላክስ አደረገ። እጇን ልይዝ ስል ቀደመችኝ፤ ቀሚሴን ይዛ ወደ ግራ ጎተተችኝ። «በዚህ በኩል እኮ ነው የሚመጣው፤ አትሰሚም እንዴ?»

ዛሬ ጮሌ ከተማ ነው የምትሠራው። ስትደውልልኝ «ጮክ በይ» እያልኩ የማስቸግራት እኔ ሆኛለሁ። ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለአባቷ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው፤ «ትሰማለች። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ገብተናል።»