አማረች ያላቃጠለችው ስዕል

ይህን ነገር ለባሌም ሆነ ለጸሎት ጓደኞቼ ነግሬ አላውቅም። በጸሎቴ እንኳ «በደሌን አንተ ታውቃለህ» እያልኩ አልፈዋለሁ እንጂ በስሙ አልጠራውም። ዛሬ ልጥራው። የእናቴን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ስዕል አቃጠልኩ። ጥፋቱን ግን ሌላ ሰው ተሸከመልኝ።

ነገሩ የሆነው ሶዶ፣ እናቴ ቤት ነው። መንግሥት ተለውጦ የተዘጉት ጸሎት ቤቶች የተከፈቱበት ሰሞን ነበር። እኔ በድብቅ ጌታን ተቀብያለሁ፤ በአደባባይ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። የወንድሜ ሚስት አማረች የጉኑኖ ልጅ ናት፤ ከእኛው ጋር ትኖራለች፤ ጴንጤነቷን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ደፋሯ እሷ፣ ፈሪዋ እኔ።

እናቴ አቡዬን አትጠግባቸውም። ዝቋላ ተሳልማ ስትመለስ ያመጣችው ስዕል፣ አንበሳና ነብር ግራና ቀኝ የቆሙበት፣ ከራስጌዋ ተሰቅሎ ነበር። ወር በገባ በአምስት ጧፍ ታበራበታለች። ያን ክረምት ወባ ጣላት። ጠበሉም መርፌውም እምቢ አለ። እኔ ደግሞ ስዕሉ ከቤት ካልወጣ አትድንም ብዬ አመንኩ። ማን አሳመነኝ? ማንም። የሰማሁትን ስብከት እንደሚመቸኝ አጣመምኩት። ተኝታ ሳለች አወረድኩና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ለሃይማኖቴ ቀንቼ ነው ልላችሁ ፈልጌ ነበር። አልልም። ለሃይማኖቱ የሚቀና ሰው ተደብቆ አያቃጥልም።

እናቴ ዳነች። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ባዶውን ግድግዳ ነው።

«አማረች፣ አቡዬን የት አደረግሽብኝ?»

«እኔ አልነካሁም፣ እማማ።»

«ታዲያ እዚህ ቤት ሌላ ጴንጤ ማን አለ?»

እኔ አለሁ። እዚያው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ምን አልኩ? «ተዪው እማዬ፣ ይቅር በያት» አልኩ። ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። ይቅር በያት ስል ጥፋቱን አጸናሁባት።

በእኛ አገር ተጣልቶ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። አዲሱ ዓመት ሳይገባ ሽማግሌ ተቀመጠ። በዳይ ካላመነ እርቅ የለም፤ እርቅ ከሌለ ደግሞ ወንድሜ ከእናቱ ማዕድ ሊቀር ነው። አማረች ተነሳች፤ «አጥፍቻለሁ» ብላ የእናቴን ጉልበት ሳመች። የእኔን ቃል እሷ ተናገረችው። እኔም ለጊፋታ ከሁሉም ጋር ቀርቤ፣ ቅቤው በጣቴ እየወረደ ሙቹዋዬን በላሁ።

በማግስቱ ዕቃ ስናጥብ አማረች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አመዱን የማወጣው እኔ ነኝ እኮ። የፍሬሙን ሚስማር አግኝቼዋለሁ፤ ያን ቀን እሳቱን ያነደድሽው ደግሞ አንቺ ነበርሽ» አለችኝ።

የማጥበውን አስቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔን ብትጠላ ምራት ነኝ፣ ትችለዋለች። አንቺን ከጠላች ግን ምን ይቀራታል?»

ያኔውኑ ገብቼ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን በውስጤ እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ አልኩ። በኋላ ጌታን መቀበሌን በአደባባይ ስናገር እንኳ ይህቺን አስቀረኋት።

እናቴ ሌላ ስዕል ገዛች። ታርቃለች፣ ግን አማረችን አላመነቻትም። ከወንድሜ ጋር ወደ ራሳቸው ቤት የወጣችው አማረች ልትጠይቃት ስትመጣ ስዕሉን አውርዳ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ እስከ ዛሬ። አማረችም የሳጥኑን ቁልፍ ድምፅ እየሰማች ትገባለች።

እናቴ አርጅታለች። «አሁን ምን ያደርግላታል፣ ሰላሟን አትንሺ» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። አውቀዋለሁ፤ ያው የድሮው ፍርሃቴ ነው። ቆርጫለሁ። ዘንድሮ ለጊፋታ ሽማግሌ የምጠራው እኔ ነኝ። ያኔ የአማረችን «አጥፍቻለሁ» ከሰሙት በሕይወት ያሉት ሁሉ ይጠራሉ። እናቴ ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የእሷ ፈንታ ነው፤ ይቅር በያት የሚልልኝ ሰውም አልፈልግም። ሳጥኑ ይከፈት፤ ስዕሉ አማረች ቁጭ ብላ እያየች ግድግዳው ላይ ይሰቀል።